የኩሱም ቆርቆሮ

በረዶ አመላላሽ ነበርኩ፣ ከፋብሪካው እስከ ከዚራ፤
ግማሹ በጆንያው ቀልጦ፣ ግማሹ ከእኔ ጋራ
ከኒሙ ጥላ ሥር ደርሶ ከኩሱም ደጅ ሲራገፍ፣
«ዛሬም ውሃ ነው ያመጣሽልኝ?» ትላለች፣ በሩ ላይ ደገፍ።
(አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤
ሁላችንም «አንቺ» ነን፤ እኔም፣ ባሏም፣ ዘበኛውም።)

ባሏ ጨርቅ ይሸጣል፣ በሜትር፣ መጋላ፤
እሷ ዓለሟን የምትለካው በሌላ፦
በአንድ ክብ ቆርቆሮ፣ ክዳኑ በላላ፣
ሰባት ትንንሽ ጣሳ ሆዱን በሞላ።

አንድ ቀን ጣቶቼ በበረዶው ደንዝዘው፣
ዓይኖቼም ቆርቆሮው ላይ ፈዘው
ስታይ፣ «ነይ እሳቱ ጋ» አለችኝ። «የቀፊራ ልጅ አይደለሽ?
ከድንብላሉ፣ ከእርዱ፣ ከአብሹ ጋር አላደግሽ?
ስማቸውን ታውቂያለሽ። ስም ማወቅ ሙያ አይደለም፤
ማን እንደሚቀድም፣ ማን እንደሚከተል ካላወቅሽ ወጥ የለም።»

እናቴ ሽንኩርቱን በደረቁ ታቁላላለች፤
እንባውን ጨርሶ እስኪቀላ ዘይት ትከለክለዋለች።
ኩሱም ግን ዘይቱን ታስቀድማለች፣ ብቻውን፣ እስኪንቀጠቀጥ፤
ከዚያ እፍኝ ሰናፍጭ። ከዚያ ዝም ብሎ ማዳመጥ።
«በዓይን አይደለም፣ በጆሮ።» አንዷ ፍሬ ፈነዳች፤
ሁለተኛዋ ተከተለች፤
ከዚያ ዶፍ ሆነ፣ ቆርቆሮ ጣራ ላይ እንደሚወርድ።
«ዝናቡ ሲያባራ ከሙኑን! አሁን! እጅሽ አይራድ።
አይ፣ ዘገየሽ። ጠቆረ። ድፊው።»

ሦስት ጊዜ ደፋሁ። ዘይቱ ከእሷ ኪስ ነው።
በአራተኛው እርዱን ሳበዛ ሳቀች፣ «ቀለም መሰለሽ?
በማንኪያ ጫፍ ነው፤ ከዚያ ካለፈ የደቻቱን አሸዋ ላስሽ።»

ከሰባቱ ውጭ፣ በመድኃኒት ጠርሙስ፣ ለብቻው ታሽጎ
የሚኖር አንድ ነበር፤ ሂንግ ይባላል።
ሳሸተው፣ «አቦ! ይሄማ የባቡር ጣቢያው ሽንት ቤት!» ብዬ ሸሸሁ።
«እንደ አማቴ ነው» አለች፣ «ብቻውን አይቻልም፤
ግን ያለ እሱ ምስሩ ቤተሰብ አይሆንም።»
ቁንጥር ጣለች ዘይቱ ላይ። ከየት እንደመጣ እንጃ፣
ሽታው ተነስቶ ሽንኩርት ሆነ፣ ሥጋ በሌለበት ሥጋ።

ሄል ከባሕር ማዶ ሲቀር ኮረሪማ ፈለፈለች፤
ሎሚ ሲወደድ የሐረር ሁመር ዘፈዘፈች።
«ያው ነው?» አልኳት።
«ያው አይደለም» አለች። «ግን ይጣፍጣል።»

ሱቁ የታሸገ ሰሞን ወደ ጅቡቲ ተሳፈሩ።
ሻንጣ ልሸከም ሄድኩ። ፈታሾቹ በሩ ላይ ነበሩ።
አንዱ ቆርቆሮውን ከፈተ፤ ወርቅ ሊፈልግ ጣቱን ሰደደ፣
ከእርዱ ወደ ከሙኑ፣ ከከሙኑ ወደ ቅርንፉዱ ማሰ፣ ናደ።
ከዚያ አስነጠሰ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ዓይኑ እስኪያለቅስ።
ለሱቁ ያላለቀሰችው ኩሱም
የተደባለቀውን አይታ ዝም አለች።
ከዚያ ሳቀች። ክዳኑን ገጥማ ሰጠችኝ፦
«ተራው ፈረሰ። እንግዲህ ወጡ ከወጣ በኋላ ነው፤
ከላይ ነስንሺው።»

አንድ ዓመት ነሰነስኩ። አለቀ።
ቆርቆሮው ዛሬ ሚስማር ይዟል።

ትናንት ማታ ልጄ ከጅግጅጋ ደወለች፦
«አባ፣ ያን ምስር... ስንት ማንኪያ ነው?»
የማንኪያ ቁጥር አላውቅም አልኳት።
«ስልኩን ወደ ድስቱ አስጠጊው።»
መብራት የለም። ሙቀቱ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።
ጆሮዬን ጫንኩ።
ከሩቅ፣ አንዷ ፍሬ ፈነዳች።
ከዚያ ዶፉ፤ ከዚያ መሳሳቱ።
«አሁን» አልኳት፣ «ጨምሪ! እጅሽ አይራድ።»
ስንት ዓመት ተሸክሜው የኖርኩት «አንቺ»
ባለቤቱን አገኘ።